የመጻሕፍት ፌስቲቫል የቡድን መሪ፦ እጅዎ ባዶ ይሁን

በመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ በጎ ፈቃደኛ መሆንና በጎ ፈቃደኞችን መምራት ለየቅል ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ወንበር ይደረድራል፣ ትኬት ያያል፣ ካርቶን ይሸከማል። የቡድን መሪው ግን ከሁሉ በፊት እጁ ባዶ መሆን አለበት። ካርቶን የታቀፈ መሪ በሩ ላይ ሰው ሲከማች አያይም፤ ማይክ ይዞ አዳራሽ መሀል የቆመ መሪ በዎኪቶኪ ቢጠራ መልስ መስጠት አይችልም። ጎበዝ የተባሉ ሠራተኞች መሪ ሲሆኑ የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። ራሴ ብሠራው ይፈጥናል ብለው ይገቡበታል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቀሩት የቡድኑ ልጆች የት እንዳሉ አያውቁም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ በዕለቱ እጅዎን ባዶ ለማድረግ ነው።

ሦስት ሳምንት ሲቀር

"የሁለተኛው አዳራሽ ቡድን መሪ ነዎት" ከተባሉ ገና ምንም አልተነገረዎትም። ድንበርዎን ይጠይቁ። ከአዳራሹ በር ውጭ ያለው ወረፋ የማን ነው? ደራሲውን ከእንግዶች ማረፊያ የሚያመጣው ማን ነው? ደራሲው ለአንባቢዎች መጽሐፍ የሚፈርምበት ጠረጴዛ የእርስዎ ነው ወይስ የመጽሐፍ ሻጮቹ? ፌስቲቫል ላይ ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቡድን በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ አንዱ ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይተወዋል።

ቀጥለው ሦስት ውሳኔዎች የማን እንደሆኑ በጽሑፍ ይያዙ፦ አዳራሹ ሲሞላ በሩን መዝጋት፣ ደራሲ ሲዘገይ ሰዓቱን መግፋት፣ አደጋ ሲመጣ ሰውን ማስወጣት። እነዚህን በዕለቱ ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም። ለአዳራሹ የተፈቀደውን የሰው ብዛትም ይጠይቁ፤ ወንበር ቆጥሮ መገመት በቂ አይደለም። የሽያጭ ገንዘብን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፦ ቡድንዎ አይንካው።

ስንት ሰው ያስፈልጋል? 200 ወንበር ላለው አዳራሽ በሩ ላይ ሁለት፣ ውስጥ ሰው የሚያስቀምጡና በጥያቄ ጊዜ ማይክ የሚያዞሩ ሁለት፣ መድረኩን የሚያሰናዳና ሰዓት የሚጠብቅ አንድ፣ የፊርማው ወረፋ ራስና ጭራ ላይ ሁለት፣ ቋሚ ቦታ የሌለው አንድ፤ በድምሩ ስምንት። ይህን ቦታ የሌለውን ሰው በጀት ሲጠብብ እንዳይነጥቁዎት ይከራከሩ። መጸዳጃ ቤት የሄደን የሚተካ፣ ያለቀ ውኃ የሚያመጣ እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ እርስዎ ይሆናሉ፣ እጅዎም ያኔውኑ ይሞላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሚቀር ሰው ስለማይጠፋ ስምንት ከፈለጉ አሥር ይመዝግቡ። የአንድ ፈረቃ ርዝመት ከአራት ሰዓት አይብለጥ፤ የሚወጣውና የሚገባው ፈረቃ ደግሞ 15 ደቂቃ ተደራርበው ይቆዩ። ሳይተያዩ ከተቀያየሩ አዲሱ ልጅ የቀድሞው የተማረውን ከዜሮ ይጀምራል።

ስልክ እየደወሉ ሲያነጋግሯቸው አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ "የትኛውን ደራሲ ለማየት ነው የተመዘገብከው? አንቺስ?" አብዛኞቹ መጽሐፍ ወዳድ ስለሆኑ ነው የሚመዘገቡት። የምትወደው ደራሲ መድረክ ላይ ሳለ ውጭ በር ጠብቂ የተባለች ልጅ፣ አንድ እግሯ ውስጥ ነው የሚሆነው። በዚያ ሰዓት እረፍት ይስጧት ወይም ውስጥ ይመድቧት።

ቦታውን በእግር

ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ይዘው ቦታውን ይዙሩ። ከእንግዶች ማረፊያ እስከ መድረክ በዝግታ ሲራመዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አራት ደቂቃ ከሆነ ለአዛውንት ደራሲ ስምንት ይያዙ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ ብለው መድረኩ ይታይ እንደሆነ ያረጋግጡ። የድንገተኛ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ገፍተው ይክፈቱ፤ የተቆለፈ ወይም ከጀርባው ወንበር የተከመረበት በር የሚገኘው ሲሞክሩት ብቻ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር ሁለት ወይም ሦስት ቦታ በረድፎቹ ጫፍ ላይ ወንበር አንስተው ያዘጋጁ። "ሲመጡ እናመቻቻለን" የሚለው አሠራር ሰውየውን መተላለፊያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለእሱም ክብር አይደለም፣ ለሌላውም መውጫ ይዘጋል።

የመጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍ ከሆነ ያኔውኑ ቦታ ይቀየር፤ ሽፋኑ ሙቀት ሲያገኘው ይቆለመማል፣ የተቆለመመ መጽሐፍ ደግሞ ገዢ የለውም። ዝግጅቱ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ጠረጴዛዎቹን የሚሸፍን ወፍራም ፕላስቲክ ቀድሞ ተቆርጦ ከጠረጴዛው ሥር ይቀመጥ።

ቦርሳው

ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይያዙ፤ በእጅ የሚያዝ አይሁን። ውስጡ፦ የታተመ የጊዜ ሰሌዳ (ስልክ ባትሪ ይጨርሳል)፣ ሁለት ወፍራም ማርከር፣ ስድስት እስክሪብቶ፣ ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀት ሦስት ደብተር፣ ሰፊ የጨርቅ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ባዶ ኤ4 ወረቀት፣ የማይክ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የሚገባውን ሰው የሚቆጥሩበት የእጅ ቆጣሪ። ፕላስተሩ ወለል ላይ ለተዘረጋ ገመድ ነው፤ ገመዱን በየሜትሩ ቆራርጠው ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍኑት፤ እግር የሚይዘው ያልተሸፈነው ክፍተት ነው።

ጠዋት፣ አሥር ደቂቃ

በር ከመከፈቱ አንድ ሰዓት በፊት ቡድኑን ሰብስበው ቆመው ያናግሩ። ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚናገር መሪ አይደመጥም። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ይንገሩ፦ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሠራ፣ ችግር ሲገጥመው ማንን እንደሚጠራ፣ እረፍቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ። አራተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ሰዓቱ እስኪደርስ ደስ ብሎት ይቆማል፣ የማያውቅ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳ ይደገፋል። በመጨረሻ "ገባችሁ?" ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። "አንተ አዳራሹ ሲሞላ ምን ታደርጋለህ?" ብለው መልሱን ከአፉ ይስሙ።

ዎኪቶኪ ለማያውቁት አንድ ጊዜ ያለማምዷቸው። ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ መናገር። ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያው ቃል ይቆረጥበታል፤ "በሩን አትክፈቱ" የሚለው ተቆርጦ "አትክፈቱ" ብቻ ይሰማል፣ ምኑን እንደሆነ አይታወቅም። መጀመሪያ የሚጠራው ሰው፣ ቀጥሎ የጠሪው ስም፣ ከዚያ ጉዳዩ።

የጠፋ ልጅ ጉዳይም የሚነገረው በዚሁ አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ወላጁን ያጣ ልጅ ያገኘ በጎ ፈቃደኛ ልጁን ይዞ ፍለጋ አይዞርም፤ እዚያው ሰው በሚያየው ቦታ ይቆማል፣ ሁለተኛ ሰው ይጠራል። የልጁ ስም፣ ልብስና መልክ በድምፅ ማጉያም ሆነ በዎኪቶኪ አይነገርም፤ የሚሰማው ሁሉ ስሙን ይዞ "ና አባቴ፣ እናትህ እየፈለገችህ ነው" ሊል ይችላልና። የፌስቲቫሉ አስተባባሪ በአካል ይመጣል። ወላጅ ነኝ የሚል ሲመጣ ልጁን ከማሳየት በፊት ምን እንደለበሰ እሱ ይናገር።

ሠላሳው ደቂቃ

የቡድን መሪ የሚፈተነው አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ጊዜ ነው። አንዱ 5፡00 ላይ አልቆ ቀጣዩ 5፡30 ላይ ይጀምራል እንበል። በወረቀት ላይ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ በተግባር ግን አዳራሹ በእጅዎ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

4፡45 ላይ ውይይቱ አልቆ ጥያቄ ይጀምራል። ሁለት ማይክ ይዙር፤ አንዱ ጠያቂ ሲናገር ሁለተኛው ማይክ ከቀጣዩ ጠያቂ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ማይኩን በጎ ፈቃደኛው ከእጁ አይለቅም፤ እሱ ራሱ ከጠያቂው አፍ ጥቂት ጣት ርቀት ላይ ይዞ ይቆማል። ማይክ የተቀበለ ሰው ጥያቄ ትቶ ንግግር ቢጀምር የሚያስቆመው የለም፤ ማይኩ በእርስዎ ልጅ እጅ ከሆነ ግን አወያዩ "እናመሰግናለን" ሲል ቀስ ብሎ ይሸሻል። የቀረውን ደቂቃ የሚያሳዩት የሰዓት ካርዶች፣ 10፣ 5 እና 1፣ በኤ4 ወረቀት ላይ በወፍራሙ ተጽፈው ለደራሲው ሳይሆን ለአወያዩ ይታያሉ፤ አወያዩ ራሱን እስኪነቀንቅ ድረስ ካርዱ አይወርድም። ይህን ከአወያዩ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

5፡00 ላይ ደራሲው በጎን በር ይወጣል። በታዳሚው መሀል ካለፈ እዚያው ይከበባል፣ አዳራሹም አይለቀቅም። ሁለቱም በር ተከፍቶ ሰው ሲወጣ፣ ውስጥ ያሉት ሁለት ልጆች ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ እያዩ ይሂዱ፤ ሰውን ወደ በሩ እንደመሸኘት ይሆናል። ኮዳ፣ ጃኬት፣ ቻርጀር ያገኙበታል። 5፡10 ላይ መድረክ፦ አዲስ ብርጭቆ፣ ያልቀዘቀዘ ውኃ፣ የስም ካርድ። የስም ካርዱን አጻጻፍ ከአስተባባሪው በተሰጠ ጽሑፍ ያመሳክሩ፤ የመጽሐፍ ሰው ስሙ ተሳስቶ ሲያይ ዝም ቢልም ልብ ይላል። 5፡12 ላይ የድምፅ ባለሙያው ማይክ ይፈትሻል፣ 5፡15 በር ይከፈታል። የማይክ ባትሪ ግማሽ ቢያሳይም እኩለ ቀን ላይ ይቀየር።

የፊርማ ወረፋ

ሒሳቡን ቀድመው ይሥሩ። ስም ተጽፎበት የሚፈረም መጽሐፍ፣ ከሰላምታው ጋር፣ 40 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በ30 ደቂቃ 45 ሰው ማለት ነው። ፎቶ ከተጨመረ ደቂቃ ይሞላል፤ 45ቱ 30 ይሆናሉ። 80 ሰው ከተሰለፈ ገና ከመነሻው ሁሉም አይደርስም፤ ይህንን 70ኛው ሰው ላይ ቆሞ ሳይሆን ሲሰለፍ መንገር ነው። የወረፋው ጭራ ላይ ያለው ልጅ ቆጥሮ 45ኛውን ሰው ሲያገኝ ከኋላው ይቆምና ለሚመጣው ሁሉ "ከዚህ በኋላ ላይደርስ ይችላል፣ የተፈረመበት ቅጂ ግን ጠረጴዛው ላይ ይኖራል" ይላል። ይህ ቃል የሚሰጠው ደራሲው ቀድሞ ጥቂት ቅጂ ፈርሞ ለመተው ከተስማማ ብቻ ነው።

የወረፋው ራስ ላይ ያለችው ልጅ እስክሪብቶና ተለጣፊ ወረቀት ይዛ የእያንዳንዱን ስም አስቀድማ ትጽፋለች፤ ስሙን ሰምታ ሳይሆን ጠይቃ። ኃይሉ በየትኛው ሀ? ፀሐይ በየትኛው ጸ? ሣራ በየትኛው ሰ? መጽሐፉ በርዕስ ገጹ ላይ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ከገጹ ጠርዝ ወጣ ብሎ ተለጥፎ ይቀርባል። ደራሲው ገጽ መፈለግና ስም መጠየቅ ከሌለበት ያችን 40 ሰከንድ ከአንባቢው ጋር ያወራባታል።

እስክሪብቶው ቀላል ነገር አይደለም። ብልጭ የሚል ወረቀት ያለው የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ላይ የጄል ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ሲዘጋ ተቃራኒው ገጽ ላይ ይታተማል። ለዚያ ቀጭን ቋሚ ማርከር ይሁን፣ መጽሐፉም ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ይቆይ። ያው ማርከር ስስ ወረቀት ባለው ልብ ወለድ ላይ ግን ወደ ጀርባው ገጽ ይሰርጋል፤ ለዚያ ተራ እስክሪብቶ ይሻላል። ሰው ከደራሲው በአንድ በኩል መጥቶ በሌላው ይውጣ። በመጣበት የሚመለስ ከሆነ ከቀጣዩ ጋር ይጋጫል። ፎቶውን አንድ ልጅ በሰውየው ስልክ፣ ደራሲው እየፈረመ ሳለ ያንሳ፤ ከፈረመ በኋላ "አንዴ ቀና ይበሉ" ከተባለ ጊዜው ይበላል።

መጽሐፍ ካለቀና ካርቶን የሚመጣ ከሆነ፣ 400 ግራም የሚመዝን መጽሐፍ 25 ሲሆን 10 ኪሎ መሆኑን ያስቡ። 50 የታጨቀበትን ካርቶን አንድ ልጅ ብቻውን አያንሳ፤ ሥሩም ይቀደዳል። በጋሪ ይምጣ። እርስዎ አይሸከሙ።

ሲበላሽ

በጎ ፈቃደኛ ሲሳሳት በሰው ፊት አይገሥጹት፤ ቦታውን ከሌላው ጋር ቀይረው ለብቻው ያናግሩት። ዓይን አፋሩን ልጅ መረጃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው "አይናገርም" ማለት የመሪው ጥፋት ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ደግሞ በሩ ላይ አያቁሙት፤ ከታዳሚ ጋር ይከራከራል። ደራሲ ከዘገየ ሕዝቡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እውነቱ ይነገረው፤ "አሁን ይመጣል" የሚለው ሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። መብራት ከጠፋ አወያዩ ታዳሚው ባለበት እንዲቆይ በድምፁ ይናገር፣ የእርስዎ ልጆች በሮቹን ይክፈቱና በየመተላለፊያው ጫፍ ይቁሙ።

ማታ አዳራሹ ሲዘጋ ለነገው መሪ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ በየዝግጅቱ የገባው ሰው ብዛት፣ የላላ ወንበር፣ ያስቸገረ በር፣ የተገኘ ዕቃ ከነተገኘበት ረድፍ። ዎኪቶኪዎቹን ቆጥረው ቻርጅ ላይ ይሰኩ፤ አንዱ ቢጎድል መጀመሪያ የሚፈለገው ማይክ ይዞ የነበረው ልጅ ኪስ ውስጥ ነው።