ውጭ አገር ድርጅት ላላችሁ፦ የግብር ደረሰኙን እዚያው ተቀበሉ

ሐዋሳ ቁጭ ብላችሁ ዱባይ ያስመዘገባችሁትን ድርጅት የምትመሩ ሰዎች፣ እዚያ ግብር በከፈላችሁ ቁጥር የግብር መሥሪያ ቤቱን ደረሰኝ በድርጅቱ ስም ወዲያው ተቀበሉ። የባንክ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ። ስሙ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይዘናጋል።

ለምን መሰላችሁ? በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት፣ በተግባር ከኢትዮጵያ የሚመራ ድርጅት እዚህም ነዋሪ ነው። ውጭ ባገኘው ገቢም ግብር ይጠየቃል። ዱባይ ከ375,000 ድርሃም በላይ ባለው ትርፍ ላይ 9 በመቶ ትወስዳለች፤ የእኛ 30 በመቶ ነው። ደረሰኙ ካለ እዚያ የከፈላችሁት ይቀነስላችኋል። ከሌለ በአንድ ትርፍ ሁለቴ መክፈል ይመጣል።

ትርፋችሁ ከዚያ በታች ሆኖ ዱባይ ምንም ካልከፈላችሁ ግን የሚቀነስ የለም፤ የአገር ቤቱን ሙሉውን አስቡት።