አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ዳታ ከመክፈታችሁ በፊት

አዲሱን አንድሮይድ ስልኬን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ሲም ካርዱን ከትቼ የ100 ብር ካርድ ሞላሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሒሳቡ ባዶ! ለማንም አልደወልኩም። ለካ ስልኩ በራሱ መተግበሪያዎቹን ሲያድስ፣ ቴሌግራምም የእድር ቡድናችንን ቪዲዮ ሁሉ ሲያወርድ ቆይቷል። ጥቅል ስላልገዛሁ የተቆረጠው ከካርዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሞባይል ዳታውን ዝጉት። ዋይፋይ ስታገኙ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ሴቲንግ ውስጥ መተግበሪያዎች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ አድርጉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ነክታችሁ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት፤ የእኔን ብር የበላው በዋናነት እሱ ይመስለኛል። ዳታውን የምትከፍቱት ጥቅል ከገዛችሁ በኋላ ነው።