የኪችን ካቢኔት ቀለም ሲያስቸግር፦ ከደሴ ወጥ ቤት የተለቀመ ችግርና መፍትሄ

የአክስቴ ቤት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለፈው ሐምሌ «እስቲ ይሄን ካቢኔት አድስልኝ» አለችኝ። ክሬም የዘይት ቀለም ገዛሁና በአንድ ቅዳሜ ቀብቼ ጨረስኩ። አምሮ ነበር። በሳምንቱ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫር ብታደርገው እንደ ድንች ልጣጭ ተነሳ። «አንተ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ የተለጠፈ ወረቀት?» አለችኝ።

ካቢኔቷን እንደገና ሠራሁት። ከዚያ የጎረቤቶቿም ተከተለ። እዚህ የጻፍኩት ስሳሳት የተማርኩትን ነው።

በጥፍር ሲነካ ይላጣል

ሰው መጀመሪያ የሚረግመው ቀለሙን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሥሩ ነው። ካቢኔቱ የተለበጠበት ፎርማይካ ልሙጥ ነው፣ ቀለም የሚይዝበት ነገር የለውም። በዚያ ላይ የስንት ዓመት የቁሌትና የንጥር ቅቤ እንፋሎት ተጋግሮበታል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተላጠውን ቁራጭ ገልብጡና ጀርባውን እዩት። ቢጫ ሆኖ ጣት ላይ ከሙለጨለጨ ቅባት ነው። ንጹህና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ፎርማይካው በብርጭቆ ወረቀት አልተፈተገም ማለት ነው። የአክስቴ ሁለቱም ነበረበት።

የተነሳውን ቀለም በስፓቱላ ጠርጋችሁ አውጡ። በሮቹን በካቻቢቴ ፍቱ። ስትፈቱ በእያንዳንዱ በር ጀርባ፣ ማጠፊያው የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በእርሳስ ቁጥር ጻፉ። እኔ ሁለት መንታ የሚመስሉ በሮች አቀያይሬ ግማሽ ቀን ቀዳዳ ስፈልግ ውያለሁ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡ፤ በንጹህ ውሃ ሁለቴ አለቅልቁ። ከምድጃው በላይ ያለው ግትር ቅባት ቲነር በነካ ጨርቅ ይለቃል። መስኮት ክፈቱ። ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም፤ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

ሲደርቅ በ120 ወይም በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። የሚፈለገው ማብለጭለጩ እንዲጠፋ ብቻ ነው፤ ፎርማይካው ስስ ስለሆነ እንዳትበሱት። ከሥር የቆየ ቀለም ካለ ደግሞ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ፈትጉ፣ ልጆችም አይቅረቡ። ዛሬ አገራችን ውስጥ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ (መርዛማው ብረት) ከሚሊዮን 90 እጅ (90 ፒፒኤም) እንዳይበልጥ ደንብ አለ። የድሮው ቀለም ግን ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱና ልሙጥ ነገር ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) አንድ ዙር ስጡት። ይደር።

ሙሉውን ከመቀባታችሁ በፊት የአንዱን በር ጀርባ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ፕላስተር ለጥፉበትና በአንድ ጊዜ መንጭቁት። ቀለም ይዞ ከመጣ ወደ እጥበቱ ተመለሱ። ያናድዳል፤ ግን ከአሥራ ሁለት በር አንድ ይሻላል።

ቀናት አልፈውም ይጣበቃል

ይሄ የደሴ በሽታ ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ብርድ ይሄን ያዘገየዋል። በዚያ ላይ «አንዴ ወፈር አድርጌ ልገላገል» ካላችሁ ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ይቀራል።

በሩን ነፋሻ ቦታ አቁሙና አንድ ሳምንት ታገሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላም የጣት አሻራ የሚቀበል ከሆነ አይድንም፤ ፍቃችሁ አንሱት። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ከሰል አጠገብ አታስጠጉ፣ ይኩረፈረፋል። በሚቀጥለው ስስ አድርጋችሁ ሁለት ዙር ቀቡ፣ በመካከሉ ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ከ10 ዲግሪ በታች ባትጀምሩት ይሻላል። እኔ አሁን ጥቅምትና ኅዳርን ነው የምጠብቀው።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀት ስለሆነ የውሃ ቀለም ብሩሽ ሥር እያለ ይደርቅና መስመር ይተዋል። በጠዋት ሥሩ፤ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ከተፈቀደ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት።

ነጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል

ጽድ ከሆነ ጉጡ ሙጫውን እያወጣ ነው። ሌላ እንጨት ከሆነ ጭሱን ጠርጥሩ። ቀለም መደራረብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል። አናጢዎች ጎማላካ የሚሉትን ማሸጊያ (ሼላክ) ሁለት ስስ ዙር ቀቡና ከዚያ በላዩ ቀለሙን።

ነጭ የዘይት ቀለም በበሩ ውስጠኛ በኩል ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን እድፍ አይደለም። ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ጸባዩ ነው። ለውስጡ የውሃ ቀለም ምረጡ።

የተሰነጣጠቀ የድሮ መልክ ፈልጌ ነበር፣ እምቢ አለ

በጣም የምወደው አሠራር ይሄ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ቀብታችሁ ታደርቃላችሁ፣ በላዩ ነጩን የእንጨት ኮላ፣ ኮላው ሳይደርቅ ደግሞ ፈዘዝ ያለ የውሃ ቀለም። ኮላው ሲሸበሸብ ላዩን ይሰነጥቀዋል።

እምቢ ካለ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ኮላው ሙሉ በሙሉ ደርቋል፣ ላዩ የዘይት ቀለም ነው፣ ወይም በብሩሽ ደጋግማችሁ ተመላልሳችሁበታል። አንዴ ብቻ አስኪዱት። ሰዓቱን እኔ በቡና ነው የምለካው። አቦል ሲቀዳ ኮላውን እቀባለሁ፣ ከቶና ጀምሬ በጣት ጫፍ እነካዋለሁ። ጣት ያዝ አድርጎ ሲለቅ፣ ኮላ ግን ሳይከተል፣ ያን ጊዜ ነው። በረካ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ኮላው ሲወፍር ስንጥቁ ይሰፋል፣ ሲሳሳ እንደ ጸጉር ይቀጥናል።

ሲደርቅ የዘይት ቫርኒሽ ሁለቴ ስጡት፣ ኮላው ውሃ ይፈራል። እጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን በር ግን በዚህ አትሥሩት።

የመሶብ ጥለት በስፖንጅ ሳትም ጠርዙ ይፈሳል

ስፖንጁ ቀለም በዝቶበታል። ጋዜጣ ላይ ደጋግማችሁ አትሙት፤ «አለቀ» ሲመስላችሁ ነው የደረሰው። የፈሰሰውን በቀጭን ብሩሽ በመደቡ ቀለም ሸፍኑት።

የበሩ ጠርዝ አብጧል

ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ውሃ ጠጥቷል። በደንብ አድርቁት፣ ፈትጉት፣ በውሃ የቀጠነ ኮላ አጠጡት፣ ስቱኮ ሙሉት፣ ከዚያ ቀለም። በጣት ሲጫን የሚፈረፈር ከሆነ አትድከሙ፣ ቁራጩን አስቀይሩ። አክስቴን ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ በታች ስላለው በር እንዲህ ስላት ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግስቱ በሩን አንስታ መጋረጃ ሰቅላበታለች።