በርኖሱ አረንጓዴ ሲሆን፦ ያለቀን ቀለም በሌላ ብራንድ ስለመተካት

በብሩሽ የምቀባቸው ስድስት ትናንሽ የመንዝ ዘማች ምስሎች ነበሩኝ። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ነው፤ ከክብሪት እንጨት ያጥራሉ። አምስቱ በርኖሳቸውን ለብሰው ጨርሰዋል። ስድስተኛው ጋ ስደርስ ብልቃጡ አየር ብቻ ተፋ።

ያለቀው ቫየሆ የሚባለው ብራንድ ቀለም፣ ሞዴል ከለር ቁጥር 70.822 ነው። ስሙ ላይ ጀርመን የሚል ቃል አለበት። «ጀርመንን ከመንዝ በርኖስ ጋር ምን አገናኘው?» ካላችሁኝ፣ ገበያ ወጥታችሁ አሮጌ በርኖስ እዩ። ጥቁር ሱፍ ፀሐይ ሲበላው ጥቁር ሆኖ አይቀርም። ትከሻው ላይ የቡና አተላ ይመስላል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቀለምም እሱን ነው የሚመስለው።

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ያንን ብልቃጥ ከየት ላምጣ? የእኔ ቀለም የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። የአክስቴ ልጅ አንዴ ቫየሆ ታመጣለች፣ አንዴ ሲታደል፣ አንዴ ያገኘችውን። ስለዚህ ሳጥኔ ውስጥ የስፔኑ ቫየሆ፣ የእንግሊዙ ሲታደል፣ የጃፓኑ ታሚያና የዴንማርኩ አርሚ ፔይንተር ተጎራብተው ይኖራሉ። መተካት ለኔ ትርፍ ሙያ አይደለም፤ ሳልተካ ያለቀ ሥራ የለኝም።

ያን ማታ ጥቁር ላይ ኦከር የሚባለውን የአፈር ቢጫ ጨመርኩ። አምፖል ስር ሳየው ቁርጥ በርኖሱን! ቀባሁት፣ ተኛሁ። ጠዋት በር ላይ ሳወጣው ሰውዬው የወይራ ቅጠል መስሏል። አምስቱ ቡኒ፣ አንዱ አረንጓዴ። ብዙ ጥቁር ቀለም ውስጡ ሰማያዊነት አለው፤ ቢጫ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቢጫ ቢጫ የሚለው አምፖሌ ደግሞ ጉዱን ሸፈነልኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ፣ ስም አላምንም። ቁጥር ነው የማየው። ቫየሆ ላይ በ70 የሚጀምረው ሞዴል ከለር ነው፣ በ71 የሚጀምረው ለኤርብራሽ (ቀለም በአየር ለሚረጨው መሣሪያ) የቀጠነው ሞዴል ኤር፣ በ72 የሚጀምረው ጌም ከለር። ታሚያ ላይ ኤክስ ኤፍ ካለ የማያብረቀርቅ ነው፣ ኤክስ ብቻ ካለ የሚያብረቀርቅ። ሲታደል ግን በስም ነው የሚሄደው፤ እሱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ስሞቹን ከሞላ ጎደል ቀያይሯቸዋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ የድሮውን ስም ብትጠይቁ ሻጩም ግራ ይጋባል።

የአቻ ሰንጠረዦች አሉ፤ የዚህ ብራንድ እከሌ የዚያኛው እከሌ ነው የሚሉ። እጠቀምባቸዋለሁ፣ ግን እንደ ደላላ ነው። ደላላ ቤት ያሳያል እንጂ ገብቶ አይኖርላችሁም። ሁለት ሦስት እጩ ሰጥቶኝ ዞር ይበል። የስልክ ስክሪን ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ቀለም ከብልቃጥ ጋር ማስተያየት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ቀለም ብርሃን ይመልሳል።

ሰንጠረዡን ብዙም ሳልጨቃጨቅ የምቀበልበት ቦታ ጉድጓድና እጥፋት ውስጥ የሚፈሰው ቀጭን ቀለም፣ ዋሽ የሚባለው ነው። በሲታደሉ አግራክስ ኧርዝሼድ ፈንታ የአርሚ ፔይንተር ስትሮንግ ቶን፣ በኑልን ኦይል ፈንታ ዳርክ ቶን ይሄዳል። መንትያ አይደሉም፣ የእናት ልጅ ናቸው። እጥፋት ውስጥ ገብተው ሲደርቁ ማን ይለያቸዋል?

ዋናው ሥራ ካርቶኗ ላይ ነው። የጫማ ካርቶን ቁራጭ ወስዳችሁ ምስሉን መጀመሪያ የቀባችሁበትን ያንኑ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ማለቴ ነው፣ ቀቧት። ነጭ ፕራይመር ላይ የተሞከረ ቀለም ጥቁር ላይ ሌላ ሰው ነው። ሲደርቅ በማርከር አንድ ጥቁር መስመር አስምሩ። ከዚያ የድሮውን ቀለም መስመሩን አቋርጣችሁ ቀቡ፤ ብልቃጡ ባዶ ቢሆን እንኳ አፉ ላይ የደረቀውን በጠብታ ውኃ አሽታችሁ ብታወጡት ለዚህ ይበቃል። ከጎኑ እጩዎቹን ቀቡ። ጥቁሩ መስመር ውሸታም ያጋልጣል፦ አንዱ ጥርግ አድርጎ ይሸፍነዋል፣ ሌላው ያሳልፈዋል። ቀለማቸው አንድ ሆኖ አሸፋፈናቸው ከተለያየ ምትክ አይሆንም፤ አንዱ በሁለት ንብርብር የሚጨርሰውን ሌላው አምስት ያስቀባችኋል፣ እስከዚያ የፊቱ ቅርጽ ይሞላል።

እርጥብ ሳለ አትፍረዱ። እነዚህ ቀለሞች ሁሉ አክሪሊክ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ አክሪሊክ ደግሞ ሲደርቅ ይጠቁራል። ምክንያቱም ቀለሙን የሚይዘው ሙጫ እርጥብ ሲሆን ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ብርጭቆ ይሆናል። ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን ስጠጣ ካርቶኗ ደርሳለች። ከዚያ በደረቀው በድሮው ቀለም መሐል ላይ የአዲሱን አንዲት ነጥብ አስቀምጡ። እሷም ትድረቅ። ነጥቧን ፈልጋችሁ ካጣችኋት አገኛችሁ።

ይህንን በሁለት ብርሃን እዩ። አንዱ በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ፤ ሌላው ማታ የምትሠሩበት አምፖል ስር። ፀሐይ ላይ አታውጧት፤ የእኛ ደጋ ፀሐይ ሁሉን ነገር ነጣ አድርጋ ነው የምታሳየው። ሁለት ቀለሞች ከተለያየ ማቅለሚያ ተሠርተው በአንዱ ብርሃን አንድ ሊመስሉ፣ በሌላው ሊጣሉ ይችላሉ። የእኔን ስድስተኛ ሰውዬ አስታውሱ።

አንድ ተንኮል ልጨምር። ካርቶኗን በስልክ አንሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሁለቱ ቅቦች እኩል ግራጫ ከሆኑ ጭለማና ብርሃናቸው እኩል ነው ማለት ነው። በዚህ መጠን ምስል ላይ ዓይን ቶሎ የሚይዘው እሱን ነው። ትንሽ ቀላ ያለ ምትክ ይቅር ይባላል፣ ደመቅ ያለ ግን ከሩቅ ይጮኻል።

እጩ ከሌለ መደባለቅ ነው። እኔ የቢራ ቆርኪ ገልብጬ እጠቀማለሁ፤ ይህቺ ከተማ ቆርኪ አያልቅባትም። ለበርኖሱ በመጨረሻ የሠራልኝ ይኸው፦ ቀላ ያለ ቡኒ ሦስት ጠብታ፣ ጥቁር አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በኋላ ጥቁሩን በስቴኪኒ ጫፍ እየነኩ መጨመር። ሁልጊዜ ጠቆር ያለውን ወደ ፈካው ነው። በተቃራኒው ከጀመራችሁ አንድ ቆርኪ ይበቃችሁ የነበረው ሦስት ይሞላል። ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ አድርጋችሁ ደባልቁ፣ የተረፈውን ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ፣ ጠብታውን ቆጥራችሁ ላዩ ላይ ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው አያስታውሰውም።

ታሚያን ግን ከቫየሆ ጋር አንድ ቆርኪ ውስጥ አታገናኙ። ሁለቱም አክሪሊክ ይባላሉ፣ ነገር ግን ታሚያ በአልኮል የሚቀጥን ነው፣ ቫየሆ በውኃ። እኔ አገናኝቼ እንደ ተበላሸ ወተት ቋጥሮብኛል፤ ብሩሼም አልዳነ። አንዱ ደርቆ ሌላው ላዩ ላይ ቢቀባ ችግር የለውም።

ፈረስ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ዳማ ፈረስ ልቀባ መመሪያው ያዘዘው ቡኒ የለኝም። ካርቶን፣ ነጥብ፣ ሁለት ብርሃን፣ ሁሉንም በደንቡ አድርጌ ምትኩን አገኘሁ። ኮርቼ ለሰፈራችን ባለ ጋሪ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ዳማ አይደለም። ይሄ መጋላ ነው» አሉኝ። ምትኩ ከብልቃጡ ጋር ገጥሟል፣ መጀመሪያውኑ ብልቃጡ ነበር ከዳማ ጋር ያልገጠመው። አሁን ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለበርኖስ ሰንጠረዥም አላይ፤ ካርቶኗን ይዤ ራሱ ከብቱ ጋ እሄዳለሁ። ጋሪ ጎትቶ የደከመ ፈረስ ሞዴል ሆኖ ሲቆም ሰላም ነው፣ ጭራውን ብቻ ጠብቁ።

ፍጹም መግጠም የሚያስፈልገው እንደ እኔ ግማሹን ቀብታችሁ ሲያልቅባችሁ ብቻ ነው። አዲስ ምስል ስትጀምሩ ግን ያላችሁን ያዙ፣ ለሁሉም እሱን ቀቡ፣ ማንም ከመመሪያው ጋር አያስተያየውም።

የቀረችው የብርድ ነገር ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድ ብልቃጥ መስኮት ላይ አይደር። በውኃ የሚሠራ አክሪሊክ በረዶ ሆኖ ከረጋ ጓል ሊሆን ይችላል፤ ጓል ከሆነ ደግሞ ብትነቀንቁት አይመለስም። ቅዝቃዜ ውስጥ የተቀባም በደንብ ሳይያያዝ ይደርቅና በጥፍር ይላጣል። እኔ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ገብታ ስታየው፣ «ቀለሙን ጋቢ አለበስከው፣ አንተ ግን በሹራብ ትንቀጠቀጣለህ» ትለኛለች።