የተቀደደ የሂተር ጎማን በራስዎ እንዴት ይቀይራሉ?

አዲስ አበባ ላይ ሂተር የሚከፍት ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ የሂተር ጎማ (የሞተሩን ትኩስ ውሃ ወደ መኪናው ማሞቂያ የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ) ሲባል "እኔን አይመለከተኝም" የሚል አሽከርካሪ ሞልቷል። ግን ይመለከተዋል። በብዙ መኪኖች ላይ ሂተሩ ተዘግቶም ቢሆን የሞተሩ ውሃ በእነዚህ ጎማዎች ውስጥ መዞሩን አያቆምም። አንዱ ከተቀደደ ውሃው በሙሉ በዚያው ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል።

ጎማው ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው። ሥራውም ካቻቢቴና ፒንሳ ለሚይዝ ሰው አይከብድም። ኪስ የሚያራቁተው ጎማው ከፈነዳ በኋላ "እስከ ጋራዥ እንደምንም ልድረስ" ተብሎ የሚነዳው መንገድ ነው።

መኪናውን ወዲያው ያቁሙ

ከኮፋኖው ስር እንፋሎት ካዩ ወይም ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ከመጣ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። የሙቀት ጌጁን ብቻ አይመኑ። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር አየር ውስጥ ይቀራል። ያኔ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ሊወርድ ይችላል። "ቀዘቀዘልኝ" ብሎ መንዳት የቀጠለ ሰው ሞተሩን ሊያጣ ይችላል።

ለእኛ ደጋ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ መኪና የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ጎማ ሲቀደድ ግፊቱ ያመልጣል፤ የቀረችው ውሃም ቶሎ ትፈላለች።

ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። የፈላው ውሃ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ላይኛውን የራዲያተር ጎማ ሲነኩት ቀዝቃዛና ለስላሳ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ቁልፉን ነቅለው ይያዙ፤ የአንዳንድ መኪና ፋን ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ይነሳል።

የተቀደደበትን ቦታ ይፈልጉ

የሂተር ጎማዎች ሁለት ናቸው። ከሞተሩ ተነስተው ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል የሚለየውን ግድግዳ አልፈው ይገባሉ። አንዱ ትኩሱን ያስገባል፣ ሌላው ይመልሳል። ጎማው የሚሞተው በአብዛኛው ፋሼታው (ጎማውን ቱቦው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ) ስር፣ ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ወይም ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። የደረቀ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅሪት ካዩ ያፈሰሰው እዚያ ነው። ጫፎቹን በጣት ጫን ጫን ያድርጓቸው። ያበጠ፣ የላሸቀ ወይም እንደ ደረቅ እንጨት የጠነከረ ጎማ ዕድሜውን ጨርሷል።

ምን ያስፈልጋል?

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስለታም ካተር፣ ጓንት፣ ጨርቅ፣ ውሃ የሚቀበል ሳፋ፣ አዲስ ጎማና ሁለት ፋሼታ። በብዛት የሚገኘው የሂተር ጎማ የውስጥ ስፋቱ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ነው። በግምት አይግዙ። አሮጌውን ይዘው ሶማሌ ተራ ወይም ሰፈርዎ ያለ መለዋወጫ መደብር ይሂዱና አስለክተው ይግዙ። ጎማው ሲሠራ ጀምሮ የታጠፈ ቅርጽ ካለው ያንኑ ቅርጽ ይፈልጉ። ቀጥ ያለውን በግድ ሲያጥፉት መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና ውሃ አያሳልፍም።

የአትክልት ማጠጫ ወይም የነዳጅ ጎማ አይሆንም። ለጊዜው የሠራ ይመስልና ሙቀትና ግፊት ሲያገኘው ይለቃል። ለኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የተሠራውን ብቻ ይጠይቁ።

አሮጌውን ማውጣት

ሳፋውን ከስር ያድርጉና ክዳኑን ከፍተው የቀረውን ውሃ ያፍስሱ። የስፕሪንግ ፋሼታ ከሆነ በፒንሳ ጨብጠው ወደ ጎማው መሃል ያንሸራቱት፤ የብሎን ከሆነ በካቻቢቴ ያላሉት።

እዚህ ጋ ረጋ ይበሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው አሁን ነው። ጎማው ለዓመታት ቱቦው ላይ ተጣብቆ ኖሯል። በኃይል ከሳቡት ወይም በፒንሳ ከጠመዘዙት ከግድግዳው የወጣው የሂተር ቱቦ ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ነው። እሱ ከተበላሸ ዳሽቦርድ ማውረድ ሊመጣ ነው። ስለዚህ አይታገሉት። ጎማውን በካተር በርዝመቱ ይሰንጥቁትና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይላጡት። ቢላው ቱቦውን እንዳይቧጭር ቀስ ይበሉ። ቱቦው ላይ የቀረውን ዝገትና ላስቲክ በጨርቅ ያጽዱ።

ስንጥቁ ከጫፉ አጠገብ ብቻ ከሆነና ጎማው ረዘም ካለ የተበላሸውን ቆርጠው መልሰው መሰካት ይችላሉ። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ከሁሉም የተሻለው መላ ይሄ ነው። ፕላስተር መጠቅለል ግን ብዙም አያስኬድም።

አዲሱን መግጠም

በአሮጌው ልክ ይቁረጡ፤ ጫፉ ቀጥ ያለ ይሁን። ፋሼታዎቹን አስቀድመው ጎማው ላይ ያስገቡ፤ ይህን ረስቶ እንደገና የሚፈታ ብዙ ነው። አልገባ ካለ ጫፉን በኩላንት ያርጥቡት። ዘይትና ግራሶ ግን ላስቲኩን ስለሚበሉት አይቀቡት።

የቱቦው ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ቀለበት አለ። ጎማው እሱን አልፎ ይግባ፤ ፋሼታው ከቀለበቱ ኋላ ይቀመጥ። እስኪጠብቅ ያጥብቁ፣ ግን አያጭንቁት። ከልክ ሲያልፍ ላስቲኩን ይቆርጣል። ስፕሪንጉ ጤነኛ ከሆነ አይጣሉት፤ ጎማው ሲሞቅና ሲበርድ እኩል ጭኖ ስለሚይዝ መልሰው ይጠቀሙበት።

አንዳንድ መካኒክ "ሂተሩን ዝጋው፣ ምን ይሠራልሃል" ይልና ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጎማ ያገናኛቸዋል። ቤት ለመድረስ ከሆነ በብዙ መኪና ላይ ያስኬዳል። ጫፎቹን መድፈን ግን የውሃውን ዝውውር ሊያውክ ይችላል። በዘላቂነት ከሆነ አልስማማም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ መስታወቱ የታፈነበት ሰው ሂተር ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

መሙላትና አየር ማስወጣት

የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ቢቀር ጥሩ ነው፤ ዝገትና ኖራ ያመጣል። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ኩላንት ይጠቀሙ። ያልተበረዘ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ያዋህዱት። የተጣራ ውሃ ሲገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጠርሙሱን በደንብ ይዩ።

መኪናውን ፊቱ ወደ ዳገት እንዲሆን ያቁሙ፣ ሂተሩን መጨረሻ ሙቀት ላይ ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ይሙሉ። አየር ማስወጫ ብሎን ካለው ይክፈቱት፤ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወጣ ይዝጉት። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን ያስነሱ። አረፋ እየወጣ ይጎድላል፤ እየጨመሩ ይቆዩ። ውሃው መጨመር ሳያስፈልገው ወደ ላይ መነሳት ከጀመረ ክዳኑን ይዝጉ። ላይኛው የራዲያተር ጎማ ከሞቀና ሂተሩ ትኩስ አየር ከሰጠ አየሩ ወጥቷል። ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ግን አሁንም ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲበርድ እንደገና ይሙሉ።

መሬት ላይ የፈሰሰውን ኩላንት አጥበው ያጽዱ። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ልጅም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውን ልክ ይዩና የብሎን ፋሼታዎቹን ጫን አድርገው ያጥብቁ። ሁለተኛው ጎማ እኩያው ስለሆነ አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ጎማዎቹ ደርቀው እያዩ ውሃው ከጎደለ የፊት ምንጣፉን በእጅዎ ይዳብሱ። እርጥብ ከሆነ የሚያፈሰው ዳሽቦርዱ ስር ያለው የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ እሱ ለመካኒክ የሚተው ሥራ ነው።