የነጋዴዎች ማኅበር የምክር ቤት ዕጩዎችን እንዴት ይመዝን?

በዋሽንግተን ዲሲ ቲፕ የሚቀበሉ አስተናጋጆችን መነሻ ደመወዝ ከፍ የሚያደርገው ሐሳብ በ2018 ኢንሼቲቭ 77 ተብሎ በሕዝብ ድምፅ አለፈ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ኢንሼቲቭ 82 ሆኖ እንደገና አለፈ፤ በ2025 ምክር ቤቱ ደግሞ አሻሻለው። ምግብ ቤት ላለው ሰው 13ቱን የምክር ቤት ወንበሮች ማን እንደሚይዛቸው የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ የማኅበራችሁን ምዝገባ እዩ። በአሜሪካ የግብር ሕግ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም በበጎ አድራጎት ድርጅትነት፣ ከሆነ ዕጩን መደገፍም፣ መቃወምም፣ በነጥብ ማበላለጥም ክልክል ነው፤ ከግብር ነፃ መሆናችሁን ሊያሳጣ ይችላል። በ501(ሲ)(6) የተመዘገበ የንግድ ማኅበር ግን ዋና ሥራው እስካላደረገው ድረስ ድጋፉን መግለጽ ይችላል። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው አባል ለዕጩ ማዋጣትም ሆነ ገንዘቡ ለማን ይውጣ በሚለው ውሳኔ መግባት አይችልም። በማኅበሮቻችን ውስጥ የአባላቱ የመኖሪያ ወረቀት ዓይነት ብዙ ስለሆነ ይህን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አጥሩ።

ከዚያ ዕጩዎቹን የሚገመግሙ 5 ወይም 7 ሰው ምረጡ። ለአንዱ ዕጩ ያዋጣ ወይም የሚዛመደው ካለ አይግባ። በዲሲ ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ጁን ላይ የሚደረገው የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ስለሆነ፣ መጠይቁ በማርች መጀመሪያ ለሁሉም ዕጩ በአንድ ቀን ይላክ፤ ለመልስ ሁለት ሳምንት ይበቃል።

8 ጥያቄ በቂ ነው። «ትንንሽ ንግዶችን ይደግፋሉ?» ብትሉ ሁሉም አዎ ይላል፤ ምንም አይለይላችሁም። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «የአስተናጋጅ መነሻ ደመወዝ ሲጨምር 12 ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ልዩነቱን ከየት ይሸፍናል? እርስዎስ ምን ሕግ ያቀርባሉ?» በሥራ ላይ ያለ የምክር ቤት አባል ከሆነ መልሱን ከሰጠው ድምፅ ጋር አስተያዩ። ለቃሉ አንድ እጥፍ፣ ለድምፁ ሁለት እጥፍ ነጥብ ስጡ።

ቃለ መጠይቁ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይሁን። ዕጩው እንደወጣ፣ ማንም ሳይናገር፣ እያንዳንዱ ገምጋሚ ከ0 እስከ 5 ነጥብ በየወረቀቱ ይጻፍ። ታላቅ የሚባለው ሰው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው በይሉኝታ ይከተለዋል፤ ግምገማው የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። የራስን የመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ ማንም አያንሳ፤ ከመዋጮ ጋር ከተያያዘ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያላገኘ ዕጩ ድጋፍ አይሰጠው፤ ማንም ካላገኘ «ለማንም ድጋፍ አልሰጠንም» ብላችሁ አውጡ። ውጤቱን ከማውጣታችሁ በፊት ያልተመረጡትንም ደውላችሁ ንገሯቸው።