ጉንድራዳ የማን ልጅ ናት? ሦስት ቀን የፈጀብኝ ጥያቄ

የመጀመሪያውን የሰሪ ኧርል (የእንግሊዝ መስፍን)፣ የዊሊያም ደ ዋረንን የዘር ሐረግ ግራምፕስ በተባለው የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ እየሠራሁ ነበር። በ1085 የሞተችው ሚስቱ ጉንድራዳ ጋ ስደርስ ነገሩ ተምታታብኝ። አንዱ ምንጭ የእንግሊዙ ንጉሥ፣ የድል አድራጊው ዊሊያም ልጅ ይላታል። ሌላው የሚስቱ የንግሥት ማቲልዳ ልጅ ብቻ። ሦስተኛው ደግሞ የፍላንደርሱ መኳንንት የጌርቦድ እህት።

መጀመሪያ ብዙዎቹ ያሉትን ልያዝ አልኩ። አላዋጣም፤ አንዱ ከሌላው የገለበጠው ነው። የመቃብር ድንጋይዋም «የመሳፍንት ዘር» ይላል እንጂ አባቷን አይጠራም። ማቲልዳን እናቷ የሚያደርገው የሉዊስ ገዳም ሰነድ ደግሞ ራሱ አጠራጣሪ ነው።

መፍትሔው የመጣው ወደ ወንድ ልጇ ስዞር ነው። የድል አድራጊው ዊሊያምና የማቲልዳ ልጅ የሆነው ንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ሴት ልጁን ለጉንድራዳ ልጅ ሊድር አስቦ ነበር። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በደብዳቤ ከለከለው፦ በአንድ ወገን በአራተኛ፣ በሌላው በስድስተኛ ትውልድ ይገናኛሉ አለ። ልክ እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው። እስቲ አስቡት፤ ጉንድራዳ የማቲልዳ ልጅ ብትሆን የሄንሪ እህት ነበረች። ሙሽሮቹ የእህትና የወንድም ልጆች ሊሆኑ ነው! አንሴልም ይህን የመሰለ ቅርብ ዝምድና ዘሎ አራተኛ ትውልድ ድረስ አይወርድም።

ስለዚህ ከንጉሡ ቤተሰብ አወጣኋት። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኦርደሪክ ቪታሊስ የጌርቦድ እህት ስለሚላት፣ ስም የሌላቸው ወላጆች ያሉት አዲስ ቤተሰብ ከፍቼ ሁለቱን እዚያ አስገባሁ። የድሮውን አባባል አልሰረዝኩትም። በማስታወሻ አስቀምጬ የምንጩን ጥቅስ የተአማኒነት ደረጃ «በጣም ዝቅተኛ» አደረግኩት።